ፊደል ከጨረስን በኋላ የሚቀረን ሸክም
(በመሠረተ ትምህርት የራዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቃል ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ፣ ማን እንደ ሰበሰበው፣ እኛስ ዛሬ ከእርሱ እንዴት እንደምንጠቀም አብረን እናያለን። ታሪክ ነው፤ ግን የነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም። የእናንተም የቤት ታሪክ ነው።

እስቲ በአንዲት እናት ልጀምር። እኚህ እናት የሚኖሩት በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ነው። ለብዙ ዓመት ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ከተማ ሸጠው ልጆች አሳድገዋል። አምና ማታ ማታ ፊደል ተማሩ። ስማቸውን ጻፉ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ወረቀት አነበቡ። “አሁንስ ዓይኔ በራ!” አሉ።

አንድ ቀን ትንሹ ልጃቸው ሳል ያዘው። ቤት ውስጥ አንድ ጠርሙስ ነበር፤ ከጎረቤት የተሰጠ ነው። የሳል መድኃኒት መሰላቸው። በማንኪያ ቀድተው ወደ ልጁ አፍ ሲያስጠጉ የጎረቤት ልጅ ደረሰች። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጠርሙሱን አየችና፣ “እትዬ፣ ኧረ ያቁሙ! ይሄ እኮ የሚጠጣ አይደለም፤ የሚታሸት ነው” አለች። በጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው “ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ” የሚል ነበር። ትርጉሙም “ለውጭ አካል ብቻ የሚሆን” ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ።

በማግስቱ እኚህ እናት ወደ ትምህርት መጡና፣ “መምህር፣ እኔ ፊደል ጨረስኩ ብዬ ነበር። ለካ ሌላ ፊደል ቀርቶኛል” አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ። የዛሬው ንግግር ለእርሳቸው የምሰጠው መልስ ነው፤ ለእናንተም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

፩. አንድ ቃል አገር ያጣላል

የሌላውን አገር ቋንቋ አለማወቅ ጉዳቱ በቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። አገርንም ያህል ነገር ይጎዳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሩቅ አይደለም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በወሎ፣ ውጫሌ በሚባል ቦታ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛ። 17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስለምታደርገው ግንኙነት የሚናገር ነው። በአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል። ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፤ ባይፈልጉ ይተዉታል ማለት ነው። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። የኢጣልያ መንግሥትም ይህን ይዞ “ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት” ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ።

በዚያው ዘመን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውንም ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ገለጹ። ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግን ጉዳዩን ከኢጣልያ ጋር እንደሚነጋገሩበት የሚያሳይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በውሉ ውስጥ የተደበቀውን ነገር የተረዳው በዚህ መንገድ ነው። ክርክሩ ቀጠለ። በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉ መፍረሱን አስታወቁ። ነገሩ የተቆረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ላይ ነው።

አያችሁ? በ“ይቻላል” እና በ“ተስማምቷል” መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። በሜዳ ላይ ግን የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ጠየቀ። ጦርነቱን ያመጣው ቃሉ ብቻ ነው አልልም፤ ቅኝ ገዥነት ነው። ግን መግቢያ በር የሆነው ቃሉ ነው።

፪. ሕዝብ ራሱ ቃል ያወጣል

አሁን ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ ዛፍ እንቁጠር። ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የመጣው ከአውስትራልያ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ተተከለ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዋም ማገዶ አገኘች።

ፈረንጆች ይህን ዛፍ “ዩካሊፕተስ” ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ “በደንብ የተሸፈነ” ማለት ነው። የአበባው እምቡጥ ክዳን ስላለው ነው። የእኛ ሰው ግን ግሪክኛ አልጠየቀም። ዛፉ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ስለዚህ “ባሕር ዛፍ” አለው። በቆሎንም በአንዳንድ ቦታ “የባሕር ማሽላ” ይሉታል። መንገዱ አንድ ነው። የሚያውቁትን ቃል ይዘው የማያውቁትን ነገር ሰየሙ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ነገሩ ስሙን ይዞ ይመጣል። ስሙን ስንመረምር ነገሩ በማን በኩል እንደ መጣ እናውቃለን። “ስልክ” የዓረብኛ ቃል ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። “ለገሃር” ፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የባቡሩን ሐዲድ ከጅቡቲ የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ነበርና። “ቢሮ”ም ፈረንሳይኛ ነው። “ፒያሳ” እና “መርካቶ” ኢጣልያንኛ ናቸው። ወደ ጋራዥ ብንገባ “ጎማ”፣ “ፍሬን”፣ “ካምቢዮ” እንሰማለን፤ እነዚህም ኢጣልያንኛ ናቸው።

እንግሊዝኛውስ? እስቲ ውኃ የምትቀዱበትን ቢጫ ዕቃ ተመልከቱ። “ጀሪካን” እንለዋለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ቤንዚን የሚይዙበት ጠንካራ የብረት ዕቃ ነበራቸው። የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመንን በቅጽል ስም “ጄሪ” ይሉት ነበር። “ካን” ደግሞ ቆርቆሮ ዕቃ ነው። “የጄሪ ቆርቆሮ” እንደ ማለት ነው። ዛሬ ከፕላስቲክ ተሠርቶ በእናቶቻችን ጀርባ ላይ ይጓዛል። እንግሊዝኛ አላውቅም የምትሉ ሁሉ፣ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተሸክማችሁ ከምንጭ ትመለሳላችሁ ማለት ነው።

፫. ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ልጆች

ቋንቋን መማር ጥቅም እንዳለው ሁሉ፣ የራስን ማጣት ደግሞ ሐዘን አለው። የሁለት ልጆች ታሪክ ልንገራችሁ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ዕለት ሞቱ። ጦሩ ሲመለስ የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። ልጁ 7 ዓመቱ ነበር። በእንግሊዝ አገር በእንግሊዝኛ ተማረ። የእናቱን አገር ዳግመኛ ሳያይ በ18 ዓመቱ እዚያው አረፈ፤ በዊንዘር ተቀበረ።

ሁለተኛው ልጅ ወርቅነህ እሸቱ ይባላል። በመቅደላው ውጊያ ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ነበር። ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እዚያ ተማረ፤ ሐኪም ሆነ። ሲያድግ ግን አማርኛ የሚባል ነገር በአፉ አልነበረም።

ከአድዋ ድል በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው መጡ። ዘመዶቻቸው ተፈልገው ተገኙ፤ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው ተብሎ ይተረካል። አስቡት እስቲ! አያትና የልጅ ልጅ ተገናኝተው፣ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አንዱ ቋንቋ ያለ ሌላው ጎደሎ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሐኪም ወርቅነህ ግን በዚያ አልቀሩም። አማርኛን እንደ አዲስ ተማሩ። በ1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት በበላይነት እንዲመሩት ተሾሙ። የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ። ኢጣልያ ልትወርረን በተዘጋጀችበት ጊዜ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው፣ ያንን በልጅነት የተማሩትን እንግሊዝኛ ለአገራቸው መሟገቻ አደረጉት። በእንግሊዝኛ ያሳደጋቸውን ሕዝብ በእንግሊዝኛ ሞገቱት።

፬. ትምህርት ቤቶችና መዝገበ ቃላት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። እንግሊዝኛም ይማሩበት ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ዋነኛው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ከተባረረች በኋላ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋር ገብቶ ስለነበር የእንግሊዝኛ ኃይል በረታ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን ሕዝቡ የተማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ዘመቻው እያደር በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደረሰ። ይህ ትክክል ነበር። ሰው አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ አለበት። ቢሆንም የመድኃኒቱ ጠርሙስ፣ የፀረ ተባዩ ቆርቆሮ፣ የመኪናው መመሪያ በእንግሊዝኛ እንደ ተጻፉ ቀሩ። የእኚያ እናት ጥያቄ የመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የደከሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከጥንቱ ብንጀምር፣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ1652 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን ሄደው ሉዶልፍ ለሚባል ምሁር ቋንቋችንን አስረዱት። ሉዶልፍም በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1841 እ.ኤ.አ. ኢዘንበርግ የሚባል ሚስዮናዊ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ ወጣ። ያ መጽሐፍ በብዙ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በኋላም ምሁራን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው ለእንግሊዝኛው ቃል አማርኛ አቻ ፈለጉ።

መዝገበ ቃላት ማለት እንግዲህ አንድ ሰው ባንድ ቀን የሚጽፈው ነገር አይደለም። ቃል በቃል፣ ወረቀት በወረቀት ይጠራቀማል። የእኛም ዕውቀት እንደዚያው ነው።

፭. ቃል እንዴት ይጠራቀማል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እንግሊዝኛ ብዙ ሺህ ቃል አለው። አንድ በአንድ እንሸምድድ ብንል ዕድሜ አይበቃም። ግን ዘዴ አለው፤ ዘዴው ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም።

በአማርኛ “ጻፈ” የሚለውን ውሰዱ። ከዚያ “ጸሐፊ”፣ “ጽሑፍ”፣ “ጽሕፈት”፣ “መጽሐፍ”፣ “አጻጻፍ” ይወጣሉ። ሥሩ አንድ ነው። ሥሩን ያወቀ ቅርንጫፉን ይገምታል። እንግሊዝኛም ሥር አለው። ከባድ የሚባሉት ቃላት አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ ሥር የበቀሉ ናቸው።

አንድ ሥር ልስጣችሁ፦ “ፖርት”። በላቲን መሸከም ማለት ነው። ለእንጦጦ እናቶች ከዚህ የቀረበ ቃል የት ይገኛል? አሁን ቅርንጫፎቹን እንቁጠር።

“ፖርተር” ማለት ተሸካሚ ነው።
“ኤክስፖርት” ወደ ውጭ መሸከም ነው፤ ቡናችን ወደ ውጭ ሲላክ።
“ኢምፖርት” ወደ ውስጥ መሸከም ነው፤ ነዳጅ ከውጭ ሲገባ።
“ትራንስፖርት” ከዚህ ወደዚያ ማሻገር ነው፤ ታክሲና አውቶቡስ።
“ሪፖርት” ወሬን ተሸክሞ መመለስ ነው።
“ሳፖርት” ከሥር ሆኖ መሸከም ነው፤ መደገፍ ማለት ነው።

ስድስት ቃል በአንድ ሥር! ነገር ግን ተጠንቀቁ። “ፓስፖርት” በሚለው ውስጥ ያለው “ፖርት” መሸከም ሳይሆን ወደብ ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ብቻ መፍረድ አይገባም። ለዚህ ነው መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ዘዴ ፊትና ኋላውን መመልከት ነው። “ኤክስ” ከፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ውጭን ያሳያል። “ኤግዚት” መውጫ ነው፤ በትልልቅ ሕንፃዎች በር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። “ኤክስተርናል” የውጭ ነው። ያ ጠርሙስ ትዝ አላችሁ? እኚያ እናት ይህችን አንዲት ነገር ቢያውቁ ኖሮ እጃቸው ይቆም ነበር። ከኋላ ደግሞ “ለስ” ሲመጣ ማጣትን ያሳያል። “ሆፕ” ተስፋ ነው፤ “ሆፕለስ” ተስፋ ቢስ ነው። የእኛ “ቢስ” እና የእነርሱ “ለስ” አንድ ሥራ ይሠራሉ። “ኬርፉል” ጠንቃቃ፣ “ኬርለስ” ግዴለሽ። “ቲች” ማስተማር፣ “ቲቸር” አስተማሪ። “ድራይቭ” መንዳት፣ “ድራይቨር” ነጂ።

ከግሪክ ደግሞ “ቴሌ” ሩቅ ማለት ነው። “ቴሌፎን” የሩቅ ድምፅ፣ “ቴሌቪዥን” የሩቅ ማያ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ አለ። ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ 2 መሣሪያዎች ተተክለው ሰማዩን ያያሉ። ስማቸው “ቴሌስኮፕ” ነው፤ ሩቅ ማያ። በአንድ ተራራ ላይ አንዷ እናት ጭራሮ ትሸከማለች፤ አንዱ ተመራማሪ ኮከብ ይቆጥራል። የሁለቱም ልጆች በአንድ ክፍል ሊማሩ ይችላሉ። የቃሉ በር ግን ለሁለቱም እኩል መከፈት አለበት።

ሦስተኛው ዘዴ ከቤት መጀመር ነው። መጀመሪያ ነፍስ የሚያድኑትን ቃላት እንያዝ። “ፖይዝን” መርዝ ነው። “ዴንጀር” አደጋ ነው። “ኤክስፓየሪ ዴት” መድኃኒቱ ወይም ምግቡ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ዓመቱን ከእኛ ጋር አታምታቱ፤ የእነርሱ ቁጥር ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ደግሞ ቃሉን ብታውቁም ባታውቁም ባለሙያውን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለበትም።

አንድ ደብተር ግዙ። ገጹን ለሁለት ክፈሉ። በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል በፈረንጁ ፊደል ልጃችሁ ይጻፍላችሁ፤ በቀኝ ትርጉሙን እናንተ በአማርኛ ጻፉ። በቀን 3 ቃል ይበቃል። በሳምንት 21፣ በዓመት ከ1000 በላይ ይሆናል። እሑድ እሑድ ያለፈውን ከልሱ፤ ያልተከለሰ ቃል እንደ ተነነ ውኃ ነው። ልጃችሁም እናንተን ሲያስተምር ራሱ ይማራል።

፮. መደምደሚያ

ውድ አድማጮች፣ አንዳንድ ሰው “እንግሊዝኛ ያላወቀ አልተማረም” ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሌላው ደግሞ “የባዕድ ቃል ምን ያደርግልናል?” ይላል። ይህም ስሕተት ነው። ከውጫሌው ውል የራሳችንንም የሌላውንም ቃል ጠንቅቀን ማወቅ እንዳለብን ተምረናል። ከሐኪም ወርቅነህ ታሪክ የራሳችንን ሳንጥል የሌላውን መያዝ እንደሚቻል አይተናል። ባሕር ዛፍን የሰየመው ሕዝብ ደግሞ ቃል ለማውጣት ማንንም አልለመነም።

እኚያ እናት አሁን ደብተር ይዘዋል። ባለፈው በወሩ በ16፣ ከኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሸክማቸው ጀርባቸው ላይ ነበር። ቆም አሉና፣ “መምህር፣ እኔ ለካ ፖርተር ነኝ!” ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥለው ግን፣ “ልጄ ግን ፖርተር እንዲሆን አልፈልግም፤ ያንን ሩቅ ማያውን ይይ” አሉኝ። ሸክማቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

መልመጃ
1. በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ልዩነት ምን ነበር?
2. ባሕር ዛፍ ይህን ስም ለምን አገኘ?
3. ሐኪም ወርቅነህና አያታቸው ሲገናኙ በአስተርጓሚ የተነጋገሩት ለምንድን ነው?
4. “ፖርት” ከሚለው ሥር የወጡ 4 ቃላትን ከነትርጉማቸው ጻፉ።
5. በቤታችሁ ካለ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጋችሁ ትርጉሙን ጠይቁ። በደብተራችሁም መዝግቡት።

የዛሬ አዲስ ቃላት
ውል — ሁለት ወገኖች የሚስማሙበት ጽሑፍ
አንቀጽ — የአንድ ውል ወይም ሕግ ክፍል
አስተርጓሚ — ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚመልስ ሰው
መዝገበ ቃላት — ቃላት ከነትርጉማቸው የተሰበሰቡበት መጽሐፍ
አቻ — እኩያ፣ ተመሳሳይ